የኮምፒውተርዎ ማራገቢያ በሌላ ዓይነት ሲለወጥ

በቤታቸው የጽሕፈት ሥራ እየሠሩ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ እናቶች ብዙ ናቸው። ለእነርሱ ኮምፒውተር የዕለት እንጀራ ነው። አንዲት ጎረቤታችንም ከእነዚሁ እናቶች አንዷ ናት። የኮምፒውተሯ ማራገቢያ እየጮኸ ሕፃን ልጇን እንቅልፍ ስለነሣባት፣ ለጠጋኝ ሰጥታ በሌላ ዓይነት አስለወጠችው። ጩኸቱ ጠፋ፤ እርሷም ደስ አላት። ይሁን እንጂ ሳምንት ሳይሞላው ኮምፒውተሩ በሥራ መካከል በራሱ ይጠፋባት ጀመር፤ ገና ያልተቀመጠው የደንበኛ ጽሑፍም አብሮ ጠፋ።

ለመሆኑ ምክንያቱ ምን ነበር? ፕሮሰሰር የሚባለው የኮምፒውተሩ ዋና ክፍል ሲሠራ ይግላል። ሙቀቱን በላዩ የተገጠመው ብረት ይቀበለዋል፤ ማራገቢያው ደግሞ አየር እየነፋ ብረቱን ያበርዳል። አየሩ ካነሰና ሙቀቱ ከልክ ካለፈ፣ ኮምፒውተሩ ራሱን ከጉዳት ለማዳን ይዘጋል። የቀድሞው ማራገቢያ ውፍረት 25 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ የተተካው ግን 15 ብቻ ነበር። ጸጥታው የተገኘው ከአየሩ ማነስ ነው።

ስለዚህ ውድ አንባቢ፣ ማራገቢያ ከማስለወጥዎ በፊት አቧራ እንዳልጠቀጠቀበት ያስመርምሩ፤ አንዳንድ ጊዜ ለጩኸቱ መጥረግ ብቻ ይበቃዋል። መለወጡ ግድ ከሆነም አሮጌውን ሳይጥሉ ከአዲሱ ጋር ያስተያዩ። አንደኛ፣ በላያቸው የተጻፈው ቮልት እኩል ይሁን፤ በአብዛኛው 12 ነው። ሁለተኛ፣ የአዲሱ አምፔር ከአሮጌው አይብለጥ፤ ከበለጠ የሚመግበውን መስመር ሊያቃጥል ይችላል። ሦስተኛ፣ ስፋቱና ውፍረቱ ይመሳሰል። አራተኛ፣ አየሩ ቀድሞ ወደሚነፍስበት አቅጣጫ ይንፈስ። አምስተኛ፣ ሽቦዎቹን ይቁጠሩ፤ ባለ ሁለት ሽቦው መዞሩን ለኮምፒውተሩ ስለማያስታውቅ፣ አንዳንዱ ኮምፒውተር ማራገቢያ እንደሌለው ቆጥሮ አልነሣም ይላል።

ከሁሉ በላይ፣ ፓወር ሰፕላይ የሚባለውን ኃይል ሰጪ ሣጥን ራስዎ አይክፈቱ፤ ልጆችም ተከፍቶ ወዳለበት አይቅረቡ። ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላ እንኳ በውስጡ የሚቆየው ኤሌክትሪክ ሰው ሊጎዳ ይችላል። ይህ የባለሙያ ሥራ ነው።

ጎረቤታችን አሁን የቀድሞውን የሚመስል ማራገቢያ አስገጥማለች። ጥቂት ድምፅ አለው፤ ልጇ ግን ለምዶት ይተኛል፤ እርሷም ሳትሠጋ ሥራዋን ትሠራለች።