ዋስ የሌለው ውል፦ አገሮች ለምን ይዋጋሉ?

ደቡብ ኦሞ ውስጥ ሃና ከተማ ሻይ ቤት ገብቶ «ቦዲና ሙርሲ ድሮ ለምን ይዋጉ ነበር?» ብሎ ለሚጠይቅ ሰው መልሱ አይዘገይም፦ ግጦሽ፣ ውሃ፣ ከብት። አዲስ አበባ ላይ «ኢትዮጵያና ኤርትራ ለምን ተዋጉ?» ቢባል ደግሞ «ባድመ» ይባላል። ሁለቱም መልሶች ውሸት አይደሉም። ግን የሚነግሩን ስለ ጠቡ እንጂ ስለ ጦርነቱ አይደለም። ጎረቤት ከጎረቤት በየዓመቱ ይጣላል፤ ጦር የሚማዘዘው ግን አንዳንዴ ብቻ ነው። ስለዚህ ትክክለኛው ጥያቄ «በምን ተጣሉ?» ሳይሆን «ሌላውን ጠብ በሽምግልና ሲጨርሱ ይኸኛውን ለምን አቃታቸው?» የሚለው ነው።

ከሃና ተነሥተን የኦሞን ወንዝ ተከትለን ወደ ደቡብ እንውረድ። ኦሞ ጉዞውን የሚጨርሰው ቱርካና ሐይቅ ውስጥ ነው። ወደ ሐይቁ ከሚገባው ውሃ 90 በመቶ ያህሉ የኦሞ ነው፤ ሐይቁ ራሱ ግን ከጥቂቱ ጫፍ በቀር ኬንያ ውስጥ ይገኛል። ኢትዮጵያ በዚህ ወንዝ ላይ 1,870 ሜጋ ዋት የሚያመነጨውን ግልገል ጊቤ ሦስትን ገድባ በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. አስመረቀች። ከግድቡ በታች፣ ሃና ባለችበት በሳላማጎ በኩል፣ ለስኳር ልማት የሚውል የሸንኮራ አገዳ ተተከለ፤ አገዳውም የሚጠጣው ከዚሁ ወንዝ ነው። ድንበሩ አካባቢ ደግሞ ዳሰነችና ቱርካና የሚባሉት ሕዝቦች በግጦሽና በከብት ለዘመናት ሲገዳደሉ ኖረዋል። ጦርነት ከሀብት እጥረት የሚወለድ ቢሆን ኖሮ አዲስ አበባና ናይሮቢ እስካሁን ሁለት ሦስት ጊዜ በተዋጉ ነበር። አንድም ጊዜ አልተዋጉም። እንዲያውም ኬንያ ከኅዳር 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ትገዛለች።

ለምን አልተዋጉም? አንዱ ምክንያት ሁለቱም ለረጅም ጊዜ የሚፈሩት ሌላ ጎረቤት ስለነበራቸው ነው። የሞቃዲሾ መንግሥት ኦጋዴንንም የሰሜን ምሥራቅ ኬንያን ግዛትም የእኔ ነው ይል ስለነበር፣ ኬንያ ነፃ በወጣችበት ሰሞን ከንጉሡ መንግሥት ጋር የጋራ መከላከያ ስምምነት ተፈራረመች። በ1962 ዓ.ም. ደግሞ ድንበራቸውን በውል ወሰኑ። የጋራ ፍርሃት ያለው ሰው ከጎረቤቱ ጋር የገባውን ቃል ለማክበር በቂ ምክንያት አለው።

አሁን የድንበሯን ከተማ ባድመን እንያት። ነዳጅ የላት፣ ወርቅ የላት፣ ወደብ የላት። የኢትዮጵያ ጦር በየካቲት 1991 ዓ.ም. ባድመን መልሶ ያዘ። የጠቡ ምክንያት መሬቷ ብቻ ብትሆን ኖሮ ጦርነቱ እዚያ ላይ ባበቃ ነበር። አላበቃም። ከዓመት በላይ ቀጠለ፤ ትልቁ ማጥቃት የተካሄደው በግንቦት 1992 ዓ.ም. ነው። በሁለቱም ወገን በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ወጣት አለቀ። ይህን ሁሉ ሒሳብ አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ለባድመ ብሎ ወደዚያ ይገባ ነበር? ሁለቱም ከገቡበት ግን የሚፈሩት ከባድመ የሚተልቅ ነገር ነበር ማለት ነው።

ጄምስ ፊረን የሚባል አሜሪካዊ የፖለቲካ ሳይንስ ምሁር በ1995 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ ያነሣው እንቆቅልሽ ይኸው ነው። ጦርነት ሁለቱንም ያከስራል። ታዲያ መጨረሻ ላይ የሚደርሱበትን ውል ሳይጋደሉ ዛሬውኑ ለምን አይዋዋሉም? ካቀረባቸው መልሶች ሁለቱ ከባድ ሚዛን አላቸው። አንደኛው፣ እያንዳንዱ ወገን የራሱን ጉልበት ያውቃል፤ የሌላውን ግን ይገምታል፤ ደግሞም ሁሉም ጉልበቱን አጋንኖ ማውራት ይጠቅመዋል። ሁለተኛው፣ ዛሬ የተገባ ቃል ነገ ሊታጠፍ ይችላል፤ ሲታጠፍም የሚዳኝ የለም።

ሁለተኛውን ዕቁብ የጣለ ሁሉ ያውቀዋል። ዕቁብ የወጣለት ሰው ዋስ ሳይጠራ ብሩን አይወስድም። ጨዋ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ብሩን ተቀብሎ ሳምንታዊውን ከመክፈል ቢቀር ማን ያስከፍለዋል? ዋሱም ቃሉን የሚጠብቀው ከበላዩ ሕግ ስላለ ነው። ከመንግሥታት በላይ ግን ዳኛ የለም፣ ፖሊስም የለም። ሌላው የፖለቲካ ምሁር ኬኔት ዋልትዝ በ1959 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ ጦርነትን በሰው ክፋት ወይም በመጥፎ መንግሥት ብቻ ማስረዳት አይበቃም ያለው ለዚህ ነው። የሚከለክል ስለሌለ ጦርነት ይነሣል።

የሶማሊያ ወረራ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። በ1969 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በአብዮት ትናጥ ነበር፤ መኮንኖቿ እርስ በርስ ይገዳደሉ ነበር፤ ከአሜሪካ የሚመጣው መሣሪያ ቆሞ የሶቪየቱ ገና መግባቱ ነበር። የሶማሊያው መሪ ዚያድ ባሬ ያኔ ያሰላው ሒሳብ ቀላል ነው፦ ኢትዮጵያ ዛሬ ደካማ ናት፤ ነገ ግን ትጠነክራለች። ዛሬ ብትደራደረውና ግማሽ መሬት ብትሰጠው እንኳ፣ ነገ ስትጠነክር እንደማትነጥቀው ምን ዋስትና አለው? ሐምሌ ላይ ጦሩን አዘመተ፤ መስከረም 1970 ላይ ጅግጅጋን ያዘ። የሳተው ፊረን በመጀመሪያ ያነሣውን፣ የሌላውን ጉልበት ግምት ነው፤ ሶቪየት ኅብረት ወዳጅነቷን ጨርሳ ወደ አዲስ አበባ ታዞራለች፣ ከ10 ሺህ በላይ የኩባ ወታደርም ይመጣል ብሎ አልጠበቀም። የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ካራማራ ላይ ሒሳቡ ተዘጋ።

ከ2,400 ዓመት በፊት ግሪካዊው ቱሲዲደስም ተመሳሳይ ነገር ጽፏል፦ አቴንስ እያደገች መሄዷ ስፓርታን አስፈራት፤ ፍርሃቷም ወደ ጦርነት ገፋት።

ወደ ሃና እንመለስ፤ እዚህ ነገሩ ከመጻሕፍቱ ይልቅ ጎልቶ ይታያል። ቦዲና ሙርሲ በታሪካቸው ከራሳቸው በላይ ዳኛ ሳይኖራቸው የኖሩ ጎረቤታሞች ናቸው። የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር በ1890 ዓ.ም. ቱርካና ሐይቅ ድረስ ዘልቆ ባንዲራ ቢተክልም፣ ከዚያ በኋላ ለብዙ አሥርት ዓመታት በኦሞ ሸለቆ ውስጥ ጠብ ገላጋይ መንግሥት አልነበረም። ሙርሲ ኮሞሩ የሚባል የሃይማኖት መሪ አላቸው፤ ይባርካል፣ ያስታርቃል፤ ንጉሥ ግን አይደለም፣ ወጣቶችን አስገድዶ ከዘመቻ ማስቀረት አይችልም። ስለዚህ ሁለቱ ሕዝቦች፣ ቁጥራቸው ጥቂት ሺህ ቢሆንም፣ እርስ በርስ የሚተያዩት ልክ እንደ ሁለት አገር ነበር።

ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ሙርሲ መንደር እየኖረ ያጠናው እንግሊዛዊው አንትሮፖሎጂስት ዴቪድ ተርተን ድርቅና ረኀብ በበረታበት ዘመን የተካሄደውን የሁለቱን ጦርነት በቅርብ ተከታትሏል። በ1967 ዓ.ም. ሲታረቁ ሥርዓቱ የተፈጸመው በየተራ በሁለቱም ወገን መሬት ላይ ነው። በእሱ አተያይ ዕርቁ ደምን ከማድረቅ ያለፈ ሥራ ሠርቷል፦ ማን የት ድረስ እንደያዘ በአደባባይ አጸና፤ የማራ ወንዝም ድንበር ሆነ። ዳኛ በሌለበት አገር የሁለቱ ሕዝብ ሽማግሌዎች ባሉበት የሚታረድ ከብት ለዋስ የቀረበ ነገር ነው።

ተርተን ከዚህ አልፎ የተለመደውን አባባል ይገለብጠዋል። እኛ የምናስበው መጀመሪያ ሙርሲ አለ፣ ቦዲ አለ፣ ከዚያ ይጣላሉ ብለን ነው። እሱ ግን «እኛ» እና «እነሱ» የሚባሉት ወገኖች ተለይተው የሚቆሙት በጦርነቱና በዕርቁ አማካይነት ነው ይላል። የታሪክ ምሁሩ ቻርልስ ቲሊም ስለ አውሮፓ ተቀራራቢ ነገር ብሏል፤ የዛሬዎቹ መንግሥታት ግብር የሚሰበስቡበትን ክንድ ያፈረጠሙት ለጦርነት ሲሉ ነው። እኔ በበኩሌ ይህ ሐሳብ ባድመንም ያስረዳል ብዬ አምናለሁ። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነፃ ስትወጣ ድንበሩ በመሬት ላይ አልተከለለም፤ ሕዝቡም የት እንደሚያበቃ ብዙም አይጠይቅም ነበር። በ1990 ዓ.ም. ኤርትራ የራሷን ገንዘብ ናቅፋን አወጣች፤ ንግዱ ሻከረ፤ ከግማሽ ዓመት በኋላ ግንቦት ላይ የኤርትራ ታንክ ባድመ ገባ። ከዚያ በኋላ ድንበሩ የት ነው ብሎ የማይጠይቅ ሰው ጠፋ።

የመሣሪያውን ነገር ሳላነሣ ብቀር ይጎድላል። በየካቲት 1979 ዓ.ም. የሙርሲ ጎረቤት የሆኑት ኛንጋቶሞች በሱዳን በኩል የገባ ክላሽንኮቭ ታጥቀው አሮጌ ጠመንጃ በያዙት ሙርሲዎች ላይ ወረዱ፤ በመቶዎች የሚቆጠር ሰው አለቀ። ከዚያ ወዲያ ከብቱን ሸጦ ክላሽ የማይገዛ ሙርሲ ሞኝ ነው። እሱ ራሱን ሊጠብቅ የገዛውን ደግሞ ቦዲው ያየዋል፤ ኛንጋቶሙም ያየዋል። የፖለቲካ ምሁሩ ጆን ኸርዝ በ1950 እ.ኤ.አ. የጻፈው ይህንኑ ነበር፦ አንዱ ራሱን ለመጠበቅ የሚወስደው እርምጃ ሌላውን ያሰጋዋል፤ ማንም ክፉ ሳይሆን ሁሉም ይታጠቃል። መሣሪያ ማስፈታት በደቡብ ኦሞ አስቸጋሪ የሆነውም በዚሁ ነው። ቀድሞ ያስረከበውን ወገን እስከ ነገ ጥዋት የሚጠብቀው ማን ነው? ከሁሉም ባንድ ቀን መሰብሰብ ካልተቻለ፣ ከአንዱ ብቻ መሰብሰብ ለሌላው ጥይት እንደማቀበል ነው።

ዋስ ማጣት በአገሮች መካከልም ይኸው ነው። ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 ዓ.ም. አልጀርስ ላይ ኢትዮጵያና ኤርትራ የሰላም ውል ሲፈራረሙ የአልጄሪያው ፕሬዚዳንት፣ የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊና የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ጭምር ተገኝተዋል። ምስክር በዝቶ ነበር፤ ዋስ ግን አልነበረም። የድንበር ኮሚሽኑ በሚያዝያ 1994 ዓ.ም. ባድመን ለኤርትራ ወሰነ፤ ኢትዮጵያ ከተማዋን አላስረከበችም፤ ኤርትራም በመካከል የቆመውን የሰላም አስከባሪ ጦር መላወሻ አሳጣችው፤ ተልእኮው በሐምሌ 2000 ዓ.ም. አበቃ። ኮሚሽኑ ቀደም ብሎ፣ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ፣ የድንበሩን ነጥቦች በካርታ ላይ ብቻ አስፍሮ ሥራውን ዘግቷል። ድንበሩ በችካል ሳይከለል ቀረ።