አንድ ልጅ፣ አራት ካርድ፦ ከ22ኛው ክሮሞዞም ጉድለት ጋር ትውውቅ

ሕፃኑ ሲጠባ ወተቱ በአፍንጫው ይመለሳል። አራስነቱን ሳይጨርስ እጅና እግሩ ይንቀጠቀጣል፤ አንዳንዴም ሰውነቱ ግትር ይላል። ደረቱን ያዳመጠች ባለሙያ «ልቡ ላይ ድምፅ አለ» ትላለች። ዓመት ሳይሞላው ጆሮው ደጋግሞ ይመግላል፤ ሳል አይለቀውም። ሦስት ዓመት ሲሆነው እኩዮቹ ተረት ሲያወሩ እሱ ገና ከ«እማ» አላለፈም።

እንዲህ ያለ ልጅ ሐይቅ ከተማ ወይም አምባሰል ውጫሌ ቢወለድ ምን እንደሚሆን መገመት አይከብድም። ለመንቀጥቀጡ ጸበል ወይም ዱዓ ይፈለጋል። ለወተቱ «እንጥሉ ወርዶ ነው» ይባልና ቆራጭ ይጠራል። ለጆሮው ከጤና ጣቢያ ሽሮፕ ይታዘዛል፤ ለልቡ ወደ ደሴ ሪፈር ይጻፋል። የአፉ መዘግየት ደግሞ «አባቱም እንዲሁ ነበር፣ ይፈታል» ተብሎ ይታለፋል። እያንዳንዱ ሕመም የየራሱ ስምና የየራሱ ካርድ ያገኛል። ሁሉንም በአንድ ጊዜ የምታየው እናቱ ብቻ ናት፤ እሷን ግን ማንም አይጠይቃትም። እነዚህን ሕመሞች ሁሉ አንድ ምክንያት ሊያመጣቸው ይችላል፤ ስሙም የ22ኛው ክሮሞዞም ጉድለት ነው።

የሐይቅ እስጢፋኖስን ገዳም ለሚያውቅ የአገሬው ሰው ነገሩን ማስረዳት ይቀላል። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዘመን ገዳሙን ካቀኑ ወዲህ ስፍራው የመጻሕፍት አገር ነው። ብራና ዘርግቶ የሚገለብጥ ጸሐፊ ትጉህ ቢሆንም የሚስተው አንድ ነገር አለ። በገጹ ላይ ተመሳሳይ ሐረግ ሁለት ቦታ ሲገኝ ዓይኑ ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ይዘላል፤ በመሐል ያለው ሁሉ ሳይጻፍ ይቀራል። ያሳተው የቃላቱ መመሳሰል እንጂ ስንፍና አይደለም።

በአብዛኞቹ የሰውነታችን ሴሎች ውስጥም እንደ መጽሐፍ መመሪያ የተጻፈባቸው 46 ክሮሞዞሞች አሉ፤ 23ቱ ከእናት፣ 23ቱ ከአባት። በ22ኛው ላይ እርስ በርስ እጅግ የሚመሳሰሉ ክፍሎች ተቀራርበው ይገኛሉ። በወላጅ ገላ ውስጥ የዘር ሴል ሲዘጋጅ እነዚህ ተመሳሳዮች ይምታቱና በመካከላቸው ያለው ይዘለላል። ብዙውን ጊዜ የሚጎድለው ሦስት ሚሊዮን ያህል «ፊደል» ነው፤ ከእሱም ጋር ጂኖች የሚባሉ 40 ገደማ መመሪያዎች ይሄዳሉ። ከሌላው ወላጅ የመጣው ቅጂ ሙሉ ነው፤ ለአንዳንዱ ሥራ ግን አንድ ቅጂ አይበቃም።

ልብ፣ ላንቃና ካልሲየም ምን አገናኛቸው? ፅንሱ ገና የጥቂት ሳምንታት ሳለ በአንገቱ አካባቢ ካለች አንዲት ሥፍራ ነው ብዙ ነገር የሚበጀው፤ ከልብ የሚወጡት ትልልቅ የደም ሥሮች፣ ላንቃ፣ ለሰውነት ወታደር የሚያሠለጥነው የታይመስ ዕጢ፣ የደም ካልሲየምን የሚቆጣጠሩት ትንንሽ ዕጢዎች። ከጎደሉት ጂኖች አንዱ፣ ቲቢኤክስ1 የሚባለው፣ በዚያች ሥፍራ ግንባታ ላይ ትልቅ ድርሻ አለው። በትልቅ ሰው ገላ ላይ ተራርቀው የምናያቸው አካላት ያኔ ጎረቤታሞች ነበሩ።

ሐኪሞችም ቢሆኑ ይህ ሁሉ አንድ ሕመም መሆኑን ለማወቅ ዘመን ፈጅቶባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1965 በአሜሪካ ፊላደልፊያ የዕጢ ሐኪሙ አንጀሎ ዲጆርጅ ስለ ዕጢዎቹ ጉድለት ተናገረ፤ ሕመሙ ዲጆርጅ ሲንድረም ተባለ። በ1978 የንግግር ባለሙያው ሮበርት ሽፕሪንትዘን ላንቃቸውና ልባቸው የታመመ ልጆችን ገልጾ ሌላ ስም ሰጠ። ሁለቱም በአብዛኛው አንድ ጉድለት መሆናቸው የታወቀው በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው። ዛሬ በዓለም ላይ ከ2,000 እስከ 4,000 ከሚወለዱ ሕፃናት አንዱ ይህ ጉድለት እንዳለበት ይገመታል።

«ከማን ዘር መጣ?» የሚለው ጥያቄ ስንቱን ትዳር እንደሚበጠብጥ እናውቃለን። ከአሥር ልጆች በዘጠኙ ገደማ ጉድለቱ ከማንም አልወረደም፤ አዲስ የተፈጠረ ነው። እናት በእርግዝናዋ የበላችው ወይም የተሸከመችው አላመጣውም፤ የሰው ዓይንም እንዲሁ። ከአሥሩ በአንዱ ግን ከወላጆቹ አንዱ ራሱ ሳያውቀው ይዞት ይገኛል፤ ያ ወላጅ ለሚወልደው ለእያንዳንዱ ልጅ የማስተላለፍ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። ስለዚህ ከልጁ በኋላ ወላጆቹም ቢመረመሩ ይመከራል።

አሁን ወደ እንጥሉ ልመለስ፤ በአገራችን ትልቁን ጉዳት የምፈራው እዚህ ላይ ነው። በዚህ ጉድለት የተወለዱ ብዙ ልጆች የላንቃ ችግር አለባቸው፤ ብዙዎቹ ግን ከንፈራቸው ደህና ስለሆነ ማንም አይጠረጥርም። ሥጋው ከላይ ተሸፍኖ ጡንቻው ከሥር ሳይጋጠም ይቀራል፤ ወይም ላንቃው አጭር ሆኖ ወደ አፍንጫ የሚወስደውን መንገድ መዝጋት ያቅተዋል። ወተቱ በአፍንጫ የሚመጣው፣ ልጁም ሲያድግ ነፍናፋ የሚሆነው ለዚህ ነው። አንዳንዴ ምልክቱ ራሱ እንጥሉ ነው፤ ጫፉ ለሁለት የተሰነጠቀ ሆኖ ይገኛል። እንጥል መቁረጥ የደም መፍሰስና የኢንፌክሽን አደጋ አለው፤ እዚህ ደግሞ ሐኪሙን ሊመራ ይችል የነበረውን ምልክት ቆርጦ መጣል ነው። ለሕክምና ባለሙያም ቢሆን የእነዚህን ልጆች ቶንሲልና የአፍንጫ ጀርባ ሥጋ ከማውጣቱ በፊት ላንቃቸውን ማየት ግዴታው ነው፤ ያ ሥጋ ክፍተቱን ደግፎ ይዞት ሊሆን ይችላልና። አያት «እንጥሉ ይቆረጥለት» ሲሉ ከፍቅር ነው፤ «እማማ፣ መጀመሪያ አፉን በመብራት ሐኪም ይይልን» ማለት ይቻላል። የላንቃ ቀዶ ሕክምና አዲስ አበባ በየካቲት 12 ሆስፒታል ይሰጣል።

ልብን በተመለከተ፣ ከሦስቱ ሁለቱ ልጆች ገደማ ከልደት የመጣ ችግር አለባቸው። ሲያለቅስ ከንፈሩ የሚጠቁር፣ ሮጥ ብሎ ቁጢጥ የሚል ልጅ የልብ አልትራሳውንድ፣ ኢኮ የሚባለው፣ ያስፈልገዋል። ከሐይቅ ደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ቀዶ ሕክምናው ካስፈለገ ግን ጉዞው አዲስ አበባ ይደርሳል። በዶክተር በላይ አበጋዝ የተመሠረተው የልብ ሕሙማን ሕፃናት ማኅበር ማዕከል በ2001 ዓ.ም በጥቁር አንበሳ ግቢ ተከፍቶ ሕፃናትን በነፃ ያክማል፤ ተራ የሚጠብቁት በሺዎች ስለሆኑ ቶሎ መመዝገብ ትርፍ አለው።

መንቀጥቀጡ ከካልሲየም ማነስ ከሆነ በደም ምርመራ ይታወቃል፤ መድኃኒትም አለው። የሚጥል በሽታ ተብሎ ለዓመታት ከመያዙ በፊት ይህን ማስመርመር ተገቢ ነው። ካልሲየም ግን በገዛ እጅ አይሰጥም፤ ሲበዛ ኩላሊት ይጎዳል። ኩላሊቱም ራሱ አብሮ በአልትራሳውንድ መታየት አለበት። የታይመስ ዕጢ ሲጎድል የሰውነት ወታደር ስለሚያንስ ክትባትም ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ሆኖም ማንም ወላጅ በራሱ እንዳያቋርጠው፤ ጉድለቱ ሲታወቅ ለሐኪሙ ይነገርና እንደ ኩፍኝ ያሉትን ሕያው ክትባቶች በተመለከተ እሱ ይወስናል።

ትምህርት ቤት ላይ እነዚህ ልጆች መምህራንን ግራ ያጋባሉ። ፊደል ቆጥረው ማንበብ፣ በቃል መያዝ ሊሆንላቸው ይችላል፤ ሒሳብና የነገር ትርጉም ሲመጣ ግን ይቀራሉ። «እያወቀ ነው የሚሰንፈው» ተብሎ የተገረፈ ልጅ ያሳዝነኛል። በአፍላነት ዕድሜ ፍርሃት፣ መገለል፣ የሌለ ድምፅ መስማት ሊመጣ ይችላል፤ አዋቂ ሲሆኑ ከአራቱ አንዱ ገደማ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያገኘዋል። ቶሎ ከታየ ይታከማል።

ምርመራው በደም ነው። ክሮሞዞሞችን በማይክሮስኮፕ ብቻ የሚያይ ተራ ምርመራ ይህን ትንሽ ክፍተት ብዙ ጊዜ ሳያየው ያልፋል፤ ፊሽ ወይም ማይክሮአሬይ የሚባለው ያስፈልጋል። ውድ ነው፤ ብዙ ወላጅ አይደርስበትም። ሳይደረስበትም ግን ልቡን፣ ካልሲየሙን፣ ላንቃውን፣ ጆሮውን ማስመርመር ይቻላል፤ አብዛኛው ጥቅም ያለው እዚያ ነው።

አንድ ደብተር ይገዛ። መንቀጥቀጡ የጀመረበት ቀን፣ ኢኮው ያለው፣ የታዘዘው መድኃኒት ሁሉ እዚያ ይጻፍ፤ የክትባት ካርዱም አብሮ ይቀመጥ። በ2014 ዓ.ም ጦርነት በወሎ ጤና ተቋማት ሲዘረፉ በካርድ ክፍል ብቻ ያለ መረጃ ምን እንደሚገጥመው አይተናል። ሐኪም ዘንድ ሲገባ ደብተሩ ጠረጴዛው ላይ ይከፈትና እናቲቱ እንዲህ ትበል፦ «ዶክተር፣ ልቡም፣ ላንቃውም፣ መንቀጥቀጡም፣ ጆሮውም የዚሁ የአንዱ ልጄ ነው። የ22ኛው ክሮሞዞም ጉድለት ይሆን?»