የፒያሳ ውሃ ወዴት ይሄዳል?

በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ኮሪደር ልማት ሲጀመር ብዙ ሰው ያወራው ስለ መብራቱና ስለ ንጣፉ ነበር። የመንገድ መሐንዲስ ግን አስቀድሞ ውሃውን ያያል። አራዳ ተዳፋት ነው፤ የክረምቱ ዝናብ ከጊዮርጊስ ተነስቶ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ይወርዳል። ስለዚህ የእግረኛ መንገዱ ወደ ማፋሰሻው 2 በመቶ ያህል ማዘንበል አለበት፤ 3 ሜትር ስፋት ላለው 6 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። ካነሰ ውሃው ይተኛል፣ ከበዛ ዊልቸር ወደ ጎን ይጎትታል።

የጠርዝ ድንጋዩ 15 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ካለው፣ በተለመደው የ1 ለ12 መስፈርት መወጣጫው 1.8 ሜትር ርዝመት ይፈልጋል። ቦታ ጠበበ ተብሎ በ60 ሴንቲ ሜትር የሚጨረስ መወጣጫ ለፎቶ እንጂ ለሰው አልተሠራም፤ ይህ በእውነት ያሳዝነኛል። ለዓይነ ስውራን የተነጠፈው ባለ መስመር ንጣፍ የመብራት ምሰሶ ላይ ካበቃማ ባይኖር ይሻል ነበር።

የኤሌክትሪክና የቴሌ ገመዶች ከመሬት በታች መግባታቸው ትልቅ እርምጃ ነው። የማንሆሉ ክዳን ግን ከንጣፉ እኩል መግጠም አለበት፤ ሁለት ሴንቲ ሜትር ከፍ ካለ ሽማግሌ ይጥላል። ሥራ የምትረከቡ ባልደረቦቼ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ውሃ ልክ ይዛችሁ ውጡ፤ ከተቻለም ዝናብ እየጣለ።