እንግሊዝን የረታው የስፖርት አስተማሪ

አሜሪካ በ1950ው የዓለም ዋንጫ እንግሊዝን 1 ለ 0 ማሸነፏን ሰምታችሁ ይሆናል። ለጎሏ ምክንያት የሆነችውን ኳስ የለጋት ግን ማን ይመስላችኋል? ዋልተር ባር የሚባል የ23 ዓመት የፊላዴልፊያ ልጅ፣ ያውም ትምህርት ቤት ስፖርት የሚያስተምር!

ያኔ አሜሪካ ውስጥ ኳስ እንጀራ አይሆንም ነበር። ቅዳሜና እሁድ የተጫወተ ሰኞ ሥራው ላይ ይገኛል። በረኛው ፍራንክ ቦርጊ የአስከሬን መኪና ሲነዳ፣ ሃይቲያዊው አጥቂ ጆ ጌቼንስ ኒውዮርክ እየተማረ ምግብ ቤት ሳህን ያጥብ ነበር። ባር ደግሞ ቴምፕል ዩኒቨርሲቲ ተምሮ መምህር ሆነ።

ጎሏ እንዲህ ነች። የብራዚሏ ቤሎ ሆሪዞንቴ ከተማ፣ 38ኛው ደቂቃ፤ የቡድን ጓደኛው ማኪልቬኒ በእጅ የወረወራትን ኳስ ባር ተቀብሎ ከ20 ሜትር በላይ ርቀት ለጋት። የእንግሊዙ በረኛ በርት ዊሊያምስ ወደ ቀኙ ሲሄድ ጌቼንስ ተወርውሮ በጭንቅላቱ ጨረፋት፤ ኳሷም አቅጣጫ ቀይራ መረብ ነካች። በአጋጣሚ ነው የሚሉ ነበሩ፤ ባር ግን ጌቼንስ አስቦበት ነው ባይ ነበር።

አገር ቤት ይህን ድል ከቁም ነገር የቆጠረው ጥቂት ሰው ነው። ከአሜሪካ ጨዋታውን ሊዘግብ የሄደው ጋዜጠኛ እንኳ አንድ ብቻ ሲሆን፣ እሱም በራሱ ወጪ ነበር። ባር ወደ ተማሪዎቹ ተመለሰ። በኋላም ከ1970 ጀምሮ ቴምፕልን፣ ከ1974 እስከ 1988 ደግሞ ፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲን አሠለጠነ።

ታሪኩ የሚጥመው እዚህ ላይ ነው። አሜሪካ ከ1950 በኋላ ዓለም ዋንጫ የደረሰችው በ1990 ነው፤ አርባ ዓመት ሙሉ! በመሐሉ ሊጎች ተቋቁመው ፈርሰዋል፤ ትልቁ ሊግ በ1980ዎቹ አጋማሽ ሲዘጋ ኳስን ያቆየው የትምህርት ቤትና የኮሌጅ ሜዳ ነው። የ1990ው ቡድን ተጫዋቾችም አብዛኞቹ የኮሌጅ ፍሬ ናቸው። በእነዚያ ዓመታት ልጆቹን ካሠለጠኑት መካከል እንደ ባር ያሉ ተጫውተው ያለፉ መምህራን ይገኙበታል።

ባር በ2018 በ91 ዓመቱ አረፈ፤ እንግሊዝን ከረቱት አሥራ አንድ ተጫዋቾች በሕይወት የቆየው የመጨረሻው እሱ ነበር። ስሙ ሲነሳ ሁሌም ያቺ ኳስ ትነሳለች። ለእኔ ግን ትልቁ ውለታው ማንም ዘወር ብሎ ባላየበት ዘመን ለተማሪዎች ኳስ ማስተማሩ ነው።