ሥራ የፈታ ኮምፒውተር ሌሊቱን ገንዘብ ያመጣልን?

አዲስ አበባ፦ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ ላንቻ አካባቢ አንድ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለ እንበል። ቀን ማመልከቻ ሲጻፍበት የዋለው ኮምፒውተር በሩ ከተዘጋ በኋላ እስከ ንጋት ያለ ሥራ ያድራል። ባለቤቱ "ሌሊቱን ለምን ገንዘብ አይሠራልኝም?" ብሎ ቢጠይቅ አይደንቅም። ጥያቄው የከተማ ነዋሪው ብቻም አይደለም። "እርስዎ ተኝተው ስልክዎ ይሠራልዎታል" የሚሉ መልዕክቶች በቴሌግራም በኩል አርሶ አደሩ ዘንድ እየደረሱ ነው።

ሐሳቡ ከየት መጣ?

የሥራ ፈት ኮምፒውተሮችን ጉልበት ማስተባበር አዲስ ነገር አይደለም። በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ በ1991 ዓ.ም በጀመረው "ሴቲ አት ሆም" የተሰኘ ፕሮጀክት፣ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎች ኮምፒውተራቸው ሥራ ሲፈታ ከጠፈር የተቀዱ የሬዲዮ ምልክቶችን እንዲመረምር ፈቅደው ነበር። ፕሮጀክቱ በ2012 ዓ.ም ለተሳታፊዎች ሥራ ማከፋፈሉን እስኪያቆም ድረስ አገልግሎቱ በበጎ ፈቃድ እንጂ በክፍያ አልነበረም።

ገንዘቡን ያመጣው በ2001 ዓ.ም የተጀመረው ቢትኮይን ነው። ይህ ዲጂታል ገንዘብ ማዕከላዊ ባንክ የለውም። ዝውውሮቹ በአማካይ በየ10 ደቂቃው በአንድ ጥቅል ይመዘገባሉ። ጥቅሉን መዝግቦ ሽልማት የሚያገኘው፣ በሙከራ ብቻ የሚገኝን አንድ ቁጥር ከሌሎች ቀድሞ ያገኘ ኮምፒውተር ነው። "ማይኒንግ" የሚባለው ይህ ፍለጋ ነው። በእያንዳንዱ ጥቅል የሚሰጠው አዲስ ቢትኮይን ከሚያዝያ 2016 ዓ.ም ጀምሮ ወደ 3.125 ዝቅ ብሏል።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የቤት ኮምፒውተር በዚህ ውድድር ያሸንፍ ነበር። ዛሬ ግን ለዚሁ ሥራ ብቻ የተሠሩ መሣሪያዎች መጥተዋል። ከእነርሱ አንዱ በሰከንድ 200 ትሪሊዮን ያህል ሙከራ ሲያደርግ፣ የተለመደ የቤት ኮምፒውተር የሚችለው በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ነው። ተወዳዳሪው በበዛ ቁጥርም የቁጥሩ ፍለጋ በየሁለት ሳምንቱ ገደማ እየከበደ እንዲሄድ ተደርጎ ተሠርቷል።

ሂሳቡ ምን ይላል?

ያልተጠመደ በሬም ገለባ ይበላል፤ ኮምፒውተር ግን ብዙ የሚበላው ሲጠመድ ነው። 200 ዋት የሚወስድ ኮምፒውተር በየሌሊቱ 10 ሰዓት ቢሠራ በወር 60 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃል። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ አጠቃቀሙ በጨመረ ቁጥር ዋጋው ከፍ የሚል ደረጃ አለው። የመጀመሪያው ደረጃ እስከ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ብቻ ሲሆን፣ ታሪፉም ከመስከረም 2017 ዓ.ም ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር ተወስኗል። በአንጻሩ ይኸው ኮምፒውተር ዓመቱን ሙሉ ያለ ዕረፍት ቢትኮይን ቢፈልግ ድርሻው አንድ የአሜሪካ ሳንቲም እንኳ አይሞላም።

በቤት ኮምፒውተር የሚሠሩ ሌሎች ዲጂታል ገንዘቦች አሉ፤ የሚገኘው ግን ጥቂት በመሆኑ የመብራት ወጪውና የዕቃው እርጅና አብዛኛውን ሊውጡት ይችላሉ። በዚህ ረገድ ታዋቂ የነበረው ኢቴሪየምም ከመስከረም 2015 ዓ.ም ወዲህ ማይኒንግን ሙሉ በሙሉ ትቷል።

ታዲያ ኩባንያዎቹ ለምን ያተርፋሉ?

ቻይና በ2013 ዓ.ም ሥራውን ማገድ ከጀመረች በኋላ በርካታ ኩባንያዎች ወደ ሌሎች አገሮች ሲሄዱ፣ የተወሰኑት ኢትዮጵያ ገብተዋል። እነርሱ በሺዎች የሚቆጠሩ ልዩ መሣሪያዎችን በአንድ ቦታ ይተክላሉ። ኃይሉንም ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል በጅምላ፣ በውጭ ምንዛሪ ይገዛሉ። 3,500 ዋት የሚወስድ አንድ መሣሪያ በቀን 84 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃል፤ ይህም ቆጣቢ ቤተሰብ በወር ከሚጠቀመው ይበልጣል። የኩባንያዎቹ ትርፍ ለቤት ኮምፒውተር ምሳሌ አይሆንም፤ የእጅ ወፍጮ ከዱቄት ፋብሪካ ጋር አይወዳደርምና።

ሕጉም መታወስ አለበት። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በሰኔ 2014 ዓ.ም የአገሪቱ ሕጋዊ መገበያያ ብር መሆኑን ገልጾ፣ በክሪፕቶከረንሲ የሚደረግ ግብይት ሕጋዊ እንዳልሆነ አስጠንቅቋል። ስለዚህ ጥቂት ቢገኝም እንኳ ወደ ብር መቀየሩ ራሱን የቻለ ስጋት አለው።

ከወጥመድ ለመጠበቅ

ብዙ ሰው የሚከስረው በመብራት ሂሳብ ሳይሆን በማጭበርበር ነው። አንዳንድ መተግበሪያዎች ማይኒንግ እንሠራለን እያሉ በቅድሚያ ገንዘብ ያስገባሉ፤ ሰው ላመጣም ጉርሻ ይሰጣሉ። እንዲህ ባለው አሠራር ለቀደሙት የሚከፈለው ከኋላ የገቡት ያመጡት ገንዘብ ነው። አዲስ ገቢ ሲያጥር ሁሉም ይዘጋል። በስክሪኑ ላይ ሲያድግ የሚታየው ቁጥርም ላም አለኝ በሰማይ ይሆናል።

ሁለተኛው ወጥመድ "ትርፍ የኢንተርኔት መስመርዎን ያከራዩ" የሚለው ነው። መስመሩን ያከራየ ሰው የማያውቀው ሰው በእርሱ አድራሻ ኢንተርኔት ይጠቀማል። ያ ሰው ወንጀል ቢፈጽም ዱካው መጀመሪያ የሚያደርሰው ከባለ መስመሩ ቤት ነው።

ሦስተኛው ድብቁ ነው። ከማይታወቅ ምንጭ የተጫነ ፕሮግራም ባለቤቱ ሳያውቅ ለሌላ ሰው ማይኒንግ ሊሠራ ይችላል። ኮምፒውተሩ ሥራ ሳይኖረው ማራገቢያው የሚጮህ፣ የሚግልና የሚዘገይ ከሆነ በባለሙያ ማስፈተሽ ይገባል።

ማንኛውም ሰው እንዲህ ያለ ጥሪ ሲደርሰው ሦስት ነገሮችን ይጠይቅ። የሚከፍለኝ ማን ነው? የሚከፍለኝስ ለየትኛው አገልግሎት ነው? መብራቱን የሚከፍለው ማን ነው? ለሦስቱም ግልጽ መልስ ከሌለ፣ የላንቻው ኮምፒውተር ሌሊቱን ጠፍቶ ቢያድር ለባለቤቱ ይሻለዋል። እስካሁን ገንዘብ ያመጣለትም ቀን የሚጻፍበት ማመልከቻ ነው።