ስለ ቀለም አመራረጥና ስለ ዐይን አታላይነት

ጨርቅ የሚያስነክር፣ በጠርሙስና በሳጥን ላይ ልጣፍ የሚያስለጥፍ ወይም ለመደብሩ ሰሌዳ የሚያስጽፍ ነጋዴ፣ ያዘዘው ቀለም ሌላ መስሎ ሲመጣለት ጥፋቱን ወዲያው በነካሪው ወይም በአታሚው ላይ ይጥላል። ከዚህም የተነሣ ዕቃው ይመለሳል፤ ሒሳቡ ይያዛል፤ የቈየ ደንበኝነትም ይፈርሳል። ነገር ግን ጥፋቱ ከቀለሙ ሳይሆን አጠገቡ ከተቀመጠው ሌላ ቀለም የሚመጣበት ጊዜ አለ።

ይህን ነገር መርምሮ የገለጠው ፈረንሳዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ሚሼል ኤዤን ሸቭረል ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1824 ዓ.ም. በፓሪስ ከተማ በጎብለን የሥዕል ምንጣፍ ፋብሪካ የቀለም ነከራ ኀላፊ ሆኖ ሳለ፣ ጥቁሩ ክር ከሰማያዊና ከሐምራዊ ጋር ሲሠራ ይደበዝዛል የሚል አቤቱታ ቀረበለት። እርሱም ጥቁሩን ሱፍ በሌላ ስፍራ ከተነከረው ጋር ቢያስተያየው ጉድለት አላገኘበትም። ሁለት ቀለሞች ጐን ለጐን ሲቀመጡ ዐይን ልዩነታቸውን ያጐላዋል፤ በእያንዳንዱም ላይ የጎረቤቱን ተቃራኒ ጥላ ይጨምርበታል። የቀይ ተቃራኒ አረንጓዴ፣ የሰማያዊ ብርቱካናማ፣ የሐምራዊም ቢጫ ነው።

ለንግድ ሰው ይበልጥ የሚጠቅመው ግን ሸቭረል በ1839 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ የተረከው ክርክር ነው። ጨርቅ ሻጮች በቀይ፣ በሐምራዊና በሰማያዊ ጨርቅ ላይ ጥቁር አበባ እንዲታተምላቸው አዘዙ። ሥራው ሲመጣ በቀዩ ላይ ያለው አረንጓዴ፣ በሰማያዊው ላይ ያለው መዳብ መሰለ፤ አታሚዎቹም ተወቀሱ። ሸቭረል ነጭ ወረቀት በአበባው ቅርጽ ቀዶ መደቡን ቢሸፍነው፣ ያ አበባ ጥርት ያለ ጥቁር ሆኖ ታየ። እንዲህ ያለውን ክስ በአንድ ቁራጭ ወረቀት መፍታት ሲቻል ወደ ዳኛ መሄድ ምን ያስፈልጋል?

የእኛም አገር ሸማኔ እንደሚያውቀው፣ አንዱ የጥበብ ክር በነጭ መደብ ላይ የጠቈረ፣ በጥቁር መደብ ላይ ግን የፈካ ይመስላል።

ደግሞም ቀይ ጨርቅ በተከታታይ የሚያሳይ ሻጭ፣ የመጨረሻዎቹ ጣቃዎች ከፊተኞቹ ጋር አንድ ቢሆኑም ለገዢው የደበዘዙ ይመስሉታል፤ ዐይኑ ስለ ደከመ ነው። በመካከል አረንጓዴ ጨርቅ ቢያሳየው ቀዩ እንደገና ይደምቃል። ይህ ማታለል አይደለም፤ የገዢውን ዐይን ማሳረፍ ነው እንጂ።

ለሰሌዳና ለልጣፍ ሲሆን ከቀለሙ ስም ይልቅ የብርሃኑና የጨለማው ልዩነት ይበልጣል። ጥቁር ፊደል በቢጫ መደብ ላይ ከሩቅ ይነበባል። እኩል የደመቁ ቀይና አረንጓዴ ግን ዐይንን ያወዛውዛሉ፤ ሁለቱን መለየት የማይችሉ ሰዎችም፣ ይልቁንም ከወንዶች ወገን፣ ጥቂቶች አይደሉም። ቀይ ገበያ ይጠራል፣ ሰማያዊ ያረጋጋል እየተባለ የሚነገረውን ግን እንደ ሕግ አድርጎ መያዝ አይገባም።

ዛሬ ብዙ ሰው ቀለሙን በኮምፒዩተር ላይ አይቶ ያጸድቃል። ኮምፒዩተሩ ራሱ ብርሃን ይሰጣል፤ ወረቀት ግን የወደቀበትን ብርሃን ብቻ ይመልሳል፤ ስለዚህ ሁለቱ አንድ አይሆኑም። ናሙናው ሥራው በሚታተምበት ወረቀት ላይ ወጥቶ፣ ቀን በደጅ፣ ማታም በመደብሩ መብራት ሥር ይታይ። ከዚያም ሁለቱ ወገኖች በጀርባው ፈርመው አንዱን ቅጂ አታሚው፣ ሁለተኛውን ነጋዴው በፖስታ ውስጥ ከብርሃን ሰውሮ ያስቀምጥ፤ ፀሐይ ያጠወለገው ናሙና ለምስክርነት አይበቃምና።