ሰው ሠራሽ ሣር በኒውላንድ ግቢ

ጋምቤላ ከባሕር ወለል 500 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ያለች ቆላ ስለሆነች፣ በኒውላንድ ሠፈር እንስሳ ባለበት ግቢ ሰው ሠራሽ ሣር ሊያነጥፍ የሚያስብ ሰው ከመልኩ አስቀድሞ ስለ ሙቀቱ ቢጠይቅ ይበጀዋል። ይኸው ሣር ፕላስቲክ ነው፤ እንደ እውነተኛው ሣር ውሃ እያተነነ ራሱን ስለማያቀዘቅዝ፣ ፀሐይ በቀጥታ ሲያርፍበት ሙቀቱ ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊያልፍ ይችላል። ይህን የመጋቢት ቀትር የውሻ መዳፍ አይችለውም። ስለዚህ ቅጠሉ አጭር የሆነውንና የጎማ ፍርፋሪ የማይነሰነስበትን መርጠን፣ ከዛፍ ጥላ ሥር ብቻ እንዲነጠፍ እንመክራለን።

አፈሩ ዋልካ ከሆነ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። እንግዲህ የላይኛው አፈር ተነሥቶ በምትኩ ጠጠር ይጠቀጠቃል፤ ወደ ቦይም ዘንበል ይደረጋል። ከሥሩ ቀዳዳ የሌለው ምንጣፍ ሽንት ስለሚይዝ ይሸታል።

ፍየል ላለው ሰው ግን ጨርሶ አንመክርም፤ ፍየል ያገኘችውን ታኝካለችና። የዋጠችው ፕላስቲክ አይፈጭም፤ በጨጓራዋ ተከማችቶ ሊገድላት ይችላል።